መጀመሪያ የደረሰው ሞገድ ለምን «ድኗል» ይላል? ስለ ተሰበረ ቅልጥምና ስለ ተመሩ የአልትራሳውንድ ሞገዶች

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የባዮሜዲካል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የተሰበረ የቅልጥም አጥንት እየዳነ ሲሄድ አልትራሳውንድ እንዴት እንደሚያልፍበት በሞዴል ማሳየት ነው። አጥንቱን 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ ሰሌዳ አድርጌ፣ መሀሉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቼ፣ በ1 ሜጋኸርትዝ ላኪና ተቀባዩን 40 ሚሊ ሜትር አራርቄ ሠራሁት። ካለሱን፣ ክፍተቱን የሚሞላውን አዲስ የሚበቅል አጥንት፣ ደረጃ በደረጃ ሳጠነክረው መጀመሪያ የሚደርሰው ሞገድ ፍጥነት ቶሎ ይጨምርና ከዚያ ባለበት ይቆማል። የውስጠኛው ግማሽ ገና ለስላሳ እያለ ሞዴሉ ድኗል ይለኛል። ሥጋና ቆዳ ስጨምርበት ደግሞ የሆራስ ላም ኩርባዎች፣ በሰሌዳ ውስጥ የሚሄድ ሞገድ በየድግግሞሹ ያለውን ፍጥነት የሚያሳዩት፣ ከምልክቴ ጋር አልገጥም አሉ። ኮዴ ነው የተበላሸው?»

እህቴ፣ ከጻፍሽው ስነሳ ኮድሽ የተበላሸ አይመስለኝም። እንዲያውም ያገኘሽው ውጤት ፊዚክሱ የሚለውን ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ የሚደርሰው ሞገድ የሚያውቀው የሄደበትን መንገድ ብቻ ነው። በአንቺ ሞዴል ደግሞ የሄደው የአጥንቱን ላይኛ ፊት ታክኮ ነው። የታችኛውን ግማሽ አላየውም። ያላየውን እንዲመሰክርልሽ ነው የጠየቅሽው።

ገበያ ወርዶ ምጣድ የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ምጣዱን አንጠልጥሎ በጣቱ ያንኳኳዋል። ድምፁ ጥርት ካለ ይገዛል፣ ድፍን ካለ ይመልሳል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ የሚያገኘው ሲንኳኳ የሚንቀጠቀጠው ምጣዱ በሙሉ ስለሆነ ነው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር። የተመራ ሞገድ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። አጥንቱ ለድምፁ ቦይ ይሆንለታል፤ ሞገዱ በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ መሀል እየተመላለሰ ውፍረቱን ሁሉ ይዞ ይጓዛል። ስለዚህ ሲደርስ ስለ ውፍረቱ ሁሉ ወሬ ይዞ ይመጣል። ችግሩ ዘግይቶ መድረሱ ነው፣ ከሌሎች ጋር ተደባልቆም ይመጣል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ቀላሉን፣ መጀመሪያ የደረሰውን የሚለካው።

አሁን በቁጥር እንየው። በጠንካራ አጥንት ውስጥ፣ በአጥንቱ ርዝመት አቅጣጫ፣ የግፊት ሞገድ በሰከንድ ወደ 4000 ሜትር ይጓዛል። የሸር ሞገድ፣ አጥንቱን ወደ ጎን እያንሸራተተ የሚሄደው፣ ወደ 1800 ሜትር። ሥጋና ቆዳ ውስጥ የድምፅ ፍጥነት 1540 ገደማ ነው። በ1 ሜጋኸርትዝ የግፊቱ ሞገድ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የሰሌዳሽ ውፍረትም 4 ሚሊ ሜትር ነው። የሞገዱ ርዝመት ከውፍረቱ ጋር ሲስተካከል ወይም ሲያንስ ቀድሞ የሚደርሰው ምልክት በዋናነት ላይኛውን ፊት ታክኮ የሚሄድ ሞገድ ነው። የታችኛው ጠርዝ መኖሩን ሳያውቅ ይደርሳል። ድግግሞሹን ወደ 200 ኪሎኸርትዝ ብታወርጂው ግን የሞገዱ ርዝመት 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የውፍረቱ 5 እጥፍ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሞገዱ በላይኛው ፊት ብቻ ልሂድ ቢል ቦታ የለውም። ሰሌዳው በሙሉ እየተሳበና እየተጨመቀ ነው የሚያሳልፈው፣ ቀድሞ የሚደርሰውም ኤስ-ዜሮ የሚባለው ሞድ (ሰሌዳው የሚንቀጠቀጥበት አንዱ ዓይነት) ይሆናል፣ ፍጥነቱም ወደ 3200 ይወርዳል። ቁጥሩ ከየት መጣ ካልሽ፦ የሸሩን ፍጥነት ለግፊቱ ፍጥነት አካፍዪ፣ ውጤቱን በራሱ አባዢ፣ ከ1 ቀንሺ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰጂ፣ ከዚያ በሸሩ ፍጥነት 2 እጥፍ አባዢው። 3215 ይመጣል። ሞዴልሽ በ200 ኪሎኸርትዝ ባልተሰበረ ሰሌዳ ላይ ወደዚህ ካልቀረበ ያን ጊዜ ኮዱን ጠርጥሪ።

ካለሱስ? በእውነተኛ ስብራት ላይ ጠንካራው ካለስ ከውጭ በኩል፣ ከአጥንቱ ሽፋን ስር ነው ቀድሞ የሚጀምረው። የክፍተቱ መሀል ኋላ የሚደርስ ነው። ስለዚህ ውጪው እንደ ድልድይ ሲገጥም ታክኮ የሚሄደው ሞገድ በድልድዩ ላይ ያልፋል፣ ፍጥነቱም ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚነግርሽ ነገር የለውም። ያየሽው ቀጥ ያለ መስመር ይህ ነው። ለሐኪሙ የመጀመሪያው ድልድይ መታየቱም ዋጋ አለው፣ አልንቀውም። ግን ሕመምተኛው እግሩን ሊጭንበት ነው፤ የሚፈልገው መላው አጥንት መሸከም መቻሉን ነው።

ወደ ተመሩት ሞገዶች ከመሄዴ በፊት ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ጽሑፍሽ ውስጥ ዋናው መለኪያ አድርገሽዋል። ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው ብለሻል። በጤነኛ አጥንት ይህን 3 ሚሊ ሜትር ለማለፍ 0.75 ማይክሮ ሰከንድ ይበቃል። በደም በተሞላ ክፍተት፣ 1500 ሜትር በሰከንድ ብንይዝ፣ 2 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። መዘግየቱ 1.25 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በ40 ሚሊ ሜትር ርቀት ይህ ፍጥነቱን ከ4000 ወደ 3556 ያወርደዋል። ላኪና ተቀባዩን 100 ሚሊ ሜትር ብታራርቂያቸው ግን ያው ስብራት፣ ያው ክፍተት፣ ፍጥነቱ 3810 ይሆናል። ስብራቱ አልተለወጠም፣ ቁጥሩ ግን ተለወጠ። ስለዚህ ፍጥነቱን ተዪውና መዘግየቱን በማይክሮ ሰከንድ ጻፊ። መዘግየቱ የስብራቱ ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ ግን ስብራቱ ከሴንሰሮችሽ አቀማመጥ ጋር ተደባልቆ ነው።

ሌላም አለ። ሞዴልሽ ውስጥ ክፍተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ የሚቆይ ይመስለኛል። በሕይወት ያለ አጥንት እንዲህ አያደርግም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አካሉ የሞቱትን የአጥንት ጫፎች ይበላቸዋል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። 3ቱ ሚሊ ሜትር 4 ቢሆን መዘግየቱ ከ1.25 ወደ 1.67 ማይክሮ ሰከንድ ያድጋል። በበግ እግር ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ፍጥነቱ መጀመሪያ ወርዶ ከዚያ ሲነሳ የታየው ከዚህ ጋር ይገናኛል። ሐኪም ያንን መውረድ አይቶ «እየባሰበት ነው» ብሎ እንዳይደነግጥ ሞዴልሽ ቀድሞ ሊያሳየው ይገባል። ካለሱን ማጠንከር ብቻ አይበቃም፣ የጫፎቹን መበላትም አስገቢበት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የሒሳብ ሊቁ ሆራስ ላም በ1917 ለነጻ ሰሌዳ ያወጣቸው እኩልታዎች ሞዶቹን ሁለት ቦታ ይከፍሏቸዋል። አንደኛው ወገን ሰሌዳውን ከመሀል ሆኖ ላይና ታች እኩል የሚያብጥና የሚያከስም ነው፣ ኤስ የሚባለው። ሌላው ሰሌዳውን እንደ እባብ የሚያጎብጥ ነው፣ ኤ የሚባለው። ለ4 ሚሊ ሜትር አጥንት እስከ 225 ኪሎኸርትዝ ድረስ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ኤ-ዜሮና ኤስ-ዜሮ። በ1 ሜጋኸርትዝ ግን ሰባት ሞዶች ይነሳሉ፣ ስምንተኛውም ደፍ ላይ ቆሟል። ከዚህ ግርግር ውስጥ በአንድ ተቀባይ አንዱን ለይቶ ማውጣት በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ምክሬ ቀጥተኛ ነው፦ 1 ሜጋኸርትዙን ለመጀመሪያው ሞገድ መዘግየት አቆዪው፣ ለተመሩት ሞገዶች ደግሞ 200 ኪሎኸርትዝ ላይ ሌላ ሲሙሌሽን አስኪጂ። በዚያ ድግግሞሽ ኤስ-ዜሮ ወደ 3100 (ቀደም ያልነው 3215 ድግግሞሹ በጣም ሲወርድ የሚጠጋው ጣሪያ ነው)፣ ኤ-ዜሮ ወደ 1400 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይሄዳሉ። አንዱ ከሌላው ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ ርቀት ከሰጠሻቸው በራሳቸው ይለያያሉ።

አንቺን የሚያስጨንቅሽ «ውጪው ጠንክሮ ውስጡ ለስላሳ» የሚለው ጉዳይ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ክፍል ቀስ ብለሽ አንብቢው። ኤስ-ዜሮ ላይና ታች እኩል የሆነ ሞገድ ነው ብያለሁ። ከመሀል መስመሩ ላይና ታች እኩል የሆነ እንቅፋት ቢገጥመው፣ ለምሳሌ ውፍረቱን በሙሉ የሚሞላ አንድ ዓይነት ካለስ፣ ከፊሉ ያልፋል ከፊሉ ይመለሳል፣ ግን የሚያልፈውም የሚመለሰውም ከዚያው ከኤስ ወገን ነው። ኤ-ዜሮን የሚወልድበት ምክንያት የለም። እንቅፋቱ ላይና ታች እኩል ካልሆነ ግን፣ ማለትም ላዩ ጠንክሮ ታቹ ከለሰለሰ፣ ሞገዱ በአንድ በኩል ይጎተትና ሰሌዳው ይጎብጣል፣ ከስብራቱ ማዶም ኤ-ዜሮ ብቅ ይላል። መጀመሪያ የደረሰው ሞገድ «ድኗል» እያለሽ እያለ ይህ ዘግይቶ የሚመጣ ኤ-ዜሮ «ድልድዩ አንድ ወገን ብቻ ነው» ይልሻል። ውስጡ እየጠነከረ ሲሄድ ይህ ትርፍ ኤ-ዜሮ መክሰም አለበት። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የመመረቂያ ሥራዬ ዋና ግራፍ ይህ ይሆን ነበር፦ አግድም የውስጠኛው ካለስ ጥንካሬ፣ ሽቅብ ደግሞ ወደ ኤ-ዜሮ የተለወጠው ጉልበት።

ሞዴል ላይ ጥሩ ነገር አለሽ። ሰሌዳውን ከላይና ከታች እኩል ገፍተሽ ንጹሕ ኤስ-ዜሮ ማስነሳት ትችያለሽ። ሰው ላይ ይህ አይቻልም፤ ቅልጥም ላይ ከፊት በኩል፣ አጥንቱ ከቆዳ ስር በሚገኝበት ወገን ብቻ ነው የምንነካው፣ ስለዚህ ሁለቱም ሞዶች አብረው ይነሳሉ። ግን መጀመሪያ ንጹሑን ሠርተሽ ካላየሽው የተደባለቀውን ማንበብ አትችይም። ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ውጪ በኩል የሚያብጠው ካለስ ራሱ እኩልነቱን ያፈርሳል፣ አንዱ ፊት ላይ ሥጋ ሌላው ፊት ላይ መቅኒ መኖሩም እንዲሁ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የዳነ ግን እብጠቱ ያልቀረ አጥንትም ትንሽ ኤ-ዜሮ ያወጣል። ያንን መነሻ አድርገሽ ለኪው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ነው የምትቆጥሪው።

ሁለተኛም ምልክት አለ፣ በቀጥታ የሚያልፈው ኤ-ዜሮ። መጎበጥ ሸር ይፈልጋል። ደምና ፈሳሽ ግፊት ያሳልፋሉ እንጂ ሸር አይሸከሙም፣ ስለዚህ ትኩስ ስብራት ላይ ኤ-ዜሮ ተዳክሞ ነው የሚሻገረው። ካለሱ ሸር መሸከም ሲጀምር ኤ-ዜሮው ይመለሳል። ሰውየው ቆሞ ሲራመድ አጥንቱ የሚጠየቀውም ይህንኑ ነው፣ መጎበጥን መቋቋም። እኔ ይህን ሞድ የምወደው ለዚህ ነው።

አሁን የላም ኩርባዎችሽ ለምን አልገጠሙም? ላም የጻፈው በባዶ አየር ላይ ለተንጠለጠለ ሰሌዳ ነው። ያንቺ ሰሌዳ በላይ ሥጋና ቆዳ፣ በታች መቅኒ አለው። በሥጋ ውስጥ ካለው 1540 የሚፈጥን ሞድ ሁሉ እየሄደ ወደ ሥጋው ይፈስሳል፣ እየደከመ ይሄዳል። ከ1540 የሚያንሰው፣ እንደ 200 ኪሎኸርትዙ ኤ-ዜሮ ያለው፣ አይፈስስም፣ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ግን ሥጋውን አብሮ ስለሚያንቀሳቅስ ኩርባው ራሱ ይለወጣል። ከዚህ ሌላ የሥጋው ንብርብር ራሱ ቦይ ይሆንና የራሱን ሞዶች ይጨምራል። ላይና ታቹ እኩል ስላልሆነም ኤስና ኤ የሚለው ክፍፍል ጥብቅ መሆኑ ይቀራል፣ ስሙን የምንይዘው ለመግባባት ነው። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ የነጻ ሰሌዳ ኩርባ ይዤ ወራት አሳልፌያለሁ፣ አንቺ አትድገሚው። ሦስት ንብርብር ያለው ሞዴል ሥሪ፣ ሥጋ፣ አጥንት፣ መቅኒ፣ ኩርባዎቹንም ለዚያው አስዪ።

ሥጋው ኩርባ ማበላሸት ብቻ አይደለም ሥራው። ይህን ነጥብ በጣም አስምሬበት ማለፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም እግር የታመመ ሰው ላይ ነው የሚመጣው። ስብራት ያብጣል። ከዚያ እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ይጎድላል። መጀመሪያ የሚደርሰው ሞገድ ከላኪው ወርዶ አጥንቱን ያገኛል፣ ማዶ ደግሞ ከአጥንቱ ወጥቶ ተቀባዩን ያገኛል። ሥጋው በአንድ ሚሊ ሜትር ሲሳሳ፣ የመግቢያውን ማዕዘን ጨምረን ስናሰላው፣ በአንድ በኩል 0.6 ማይክሮ ሰከንድ ይተርፋል። በሁለቱም በኩል 1.2 ማይክሮ ሰከንድ። አሁን ወደ ላይ ተመልሰሽ የ3 ሚሊ ሜትሩን ክፍተት መዘግየት እዪው፣ 1.25 ነበር። ማለት አጥንቱ ቅንጣት ሳይድን እብጠቱ ብቻ ቢጎድል መሣሪያው ሙሉ በሙሉ የዳነ አጥንት ያሳያል። ይህ ሰው ሊጎዳ የሚችል ስህተት ነው። መፍትሔውም አለ። ከአንድ ላኪ ጋር ተቀባዮችን በመስመር ደርድሪና በተቀባዮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለኪ፤ ከላኪው በኩል ያለው ሥጋ ይሰረዛል። ሥጋው ከተቀባይ ተቀባይ የሚያዘነብል ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ በየተራ ልከሽ አማካዩን ውሰጂ፣ የአንዱ ስህተት የሌላውን ያጠፋዋል። ኢማኑኤል ቦሲና ባልደረቦቹ ፓሪስ ላይ በ2004 ያቀረቡት ዘዴ ይህ ነው፣ ሁለት አቅጣጫ መላክ። ሲሙሌሽንሽ ላይ የሥጋውን ውፍረት በ1 በ1 ሚሊ ሜትር እየለወጥሽ ውጤትሽ ምን ያህል እንደሚዛነፍ ካላሳየሽ ማንም ሐኪም አይቀበልሽም፤ ባይቀበልሽም እውነት አለው።

ተቀባዮቹን ስትደረድሪ የት እንደምትደረድሪ ተጠንቀቂ። ሁለት ገጽታ ያለውን ፉሪዬ፣ ምልክቱን በጊዜም በቦታም ወደ ድግግሞሾቹ የሚበትነውን ስሌት፣ ሞዶችን ለመለየት መጠቀምሽ አይቀርም። እሱ የሚሠራው ሞገዱ የሚሄድበት ቦይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ስብራቱን አቋርጠሽ ከደረደርሽ የምታገኚው ከሁለት የተለያየ መንገድ የተደባለቀ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ረድፍ ከስብራቱ ወዲህ፣ አንድ ረድፍ ከስብራቱ ወዲያ። ወዲህኛው የተላከውንና የተመለሰውን ይነግርሻል፣ ወዲያኛው ያለፈውንና የተለወጠውን። ርዝመቱም ወሳኝ ነው። በ200 ኪሎኸርትዝ የኤ-ዜሮ ሞገድ ርዝመት 7 ሚሊ ሜትር፣ የኤስ-ዜሮ 15.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ረድፍ ላይ አንደኛው 7 ጊዜ ሌላኛው 3 ጊዜ ይወዛወዛል፣ በደንብ ይለያሉ። ረድፉ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን ልዩነታቸው ከአንድ ውዝዋዜ ያንሳል፣ አንድ ላይ ይጣበቃሉ። እግር ላይ ረጅም ረድፍ ማስቀመጥ ካልተቻለ ብዙ ላኪና ብዙ ተቀባይ አድርጎ በሲንጉላር ቫልዩ፣ የተደባለቁ ምልክቶችን በሚነጥል የማትሪክስ ስሌት፣ መለየት ይቻላል፣ ተመራማሪው ሚኖንዚዮና ባልደረቦቹ ከ2010 ጀምሮ የሠሩበት መንገድ ነው። ለማስተርስ ግን መጀመሪያ ቀላሉን ጨርሺ።

አሁን ስለ ሜሽ፣ ኮምፒውተሩ ሞዴሉን ስለሚከፋፍልበት የጥቃቅን ክፍሎች መረብ። ይህን ብዙ ሰው ይስታል። ለአጥንቱ ብለሽ ያዘጋጀሽው ሜሽ ለካለሱ ይበቃል ብለሽ እንዳታስቢ። መሀል ደረጃ ላይ ያለ ካለስ፣ ጥንካሬው 1 ጊጋፓስካል ገደማ ነው እንበል፣ የሸር ሞገዱ ፍጥነት ወደ 550 ሜትር በሰከንድ ነው። በ1 ሜጋኸርትዝ የሞገድ ርዝመቱ 0.55 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሞገድ ርዝመት 10 ነጥብ ብትይዢ 0.055 ሚሊ ሜትር ሜሽ ያስፈልግሻል፣ የጊዜ እርምጃሽም ከ10 ናኖ ሰከንድ በታች ይወርዳል። ለአጥንቱ ብቻ ቢሆን የሸር ሞገዱ 1.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 0.18 ይበቃሽ ነበር። ሜሹ ሳይበቃ ሲቀር ካለሱ ውስጥ የሚጠፋው ጉልበት የሕመሙ ምልክት ይመስላል፣ ግን የሒሳቡ ጉድለት ነው። ደግሞ የምትልኪው ምት አጭር ስለሆነ ከመሀል ድግግሞሹ በላይ ያሉትንም ይይዛል፣ ሜሹን የምታሰዪው ለላይኛው ጫፍ ነው። በገዛ ኮድሽ ላይ ጥርጣሬ ካደረብሽ ሲምሶኒክ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ ይኸው ቦሲ የጻፈው፤ አንድ ቀላል ጉዳይ በሁለቱም ሠርተሽ አስተያዪ።

ዝርግ ሰሌዳው እስከ የት ያደርሳል? መርሁን ለማየት ይበቃል። ቅልጥም ግን ቱቦ ነው፣ ያውም ክብ ያልሆነ፣ ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን የሚመስል፣ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ የሚለያይ። በ200 ኪሎኸርትዝ የኤስ-ዜሮ ሞገድ ርዝመት ከአጥንቱ ራዲየስ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሞገዱ ቱቦ መሆኑን ያውቃል። ለክብ ቱቦ ጋዚስ በ1959 መፍትሔውን አውጥቷል፤ ሞዶቹ በርዝመት የሚሳቡ፣ የሚጠማዘዙና የሚጎብጡ ተብለው ይለያሉ። ግሪክ ውስጥ በአዮኒና ዩኒቨርሲቲ እነ ፕሮቶፓፓስና ፎቲያዲስ ከ2005 እስከ 2007 ያሳተሟቸውን ሥራዎች ሳታነቢ እንዳትጨርሺ። መጀመሪያ በዝርግ ሰሌዳ፣ ቀጥሎ በሦስት አቅጣጫ የእውነተኛ አጥንት ቅርፅ ይዘው ሄደዋል። የቅርፁ መዛባት ብቻውን ሞዶቹን እንደሚለውጥ፣ የሰሌዳም የክብ ቱቦም ንድፈ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እንደማይበቃ ያሳዩት እነሱ ናቸው። አጥንት በርዝመቱና በአግድሙ እኩል አለመጠንከሩንም አትርሺ፤ በርዝመቱ 4000 ያልነው በአግድም ወደ 3400 ይወርዳል። ከአንቺ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጠብቅ የለም። ሰሌዳ፣ ከዚያ ክብ ቱቦ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ከሲቲ ስካን የተወሰደ ቅርፅ።

ፈታኞችሽ የሚያነሷቸውን ሁለት ጥያቄዎች ቀድመሽ ተዘጋጂባቸው። አንደኛው «አልትራሳውንድ አጥንት ያድናል ይባል የለም እንዴ?» የሚለው ነው። እሱ ሌላ ነገር ነው። ለሕክምና የሚሰጠው 1.5 ሜጋኸርትዝ፣ 30 ሚሊዋት በስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ በቀን 20 ደቂቃ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ በ1994 ተፈቅዷል። በ2016 የታተመና 501 የቅልጥም ስብራት ሕመምተኞችን የያዘ ሙከራ ግን መዳንን እንዳላፋጠነ አሳይቷል። ያንቺ ሥራ ማዳመጥ ነው፣ ያ ውጤት አይነካሽም፣ ግን ልዩነቱን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፊው።

ሁለተኛው «ብረት ያለበትስ?» የሚለው ነው፤ ይህ ከባድ ነው። እኛ አገር በመኪና አደጋ የተሰበረ ቅልጥም ብዙ ጊዜ መቅኒው ውስጥ ብረት ይገባለታል። ብረቱ ስብራቱን አቋርጦ የሚሄድ ከአጥንት የፈጠነ ሌላ መንገድ ነው፣ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ሞገዱ ወደሱ ሊሻገር ይችላል። ብረቱን ሞዴልሽ ውስጥ ካላስገባሽ «ሥራዬ በጀሶ ወይም ከውጭ በሚታሰር ብረት ለተያዘ ስብራት ነው» ብለሽ ወሰኑን በግልጽ አስቀምጪ። በጀሶም ቢሆን መስኮት ተቆርጦ ነው የሚለካው።

ውጤትሽን ከራጅ ጋር ስታስተያዪ ደግሞ ይህን አስቢ። ሐኪሙ ቅልጥምን ከፊትና ከጎን ሁለት ራጅ አንስቶ አራቱንም የአጥንት ግድግዳዎች ያያል፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ ከ4 እስከ 12 ይደርሳል። አንቺ ከፊት በኩል ብቻ ለክተሽ የምታገኚው በዋናነት የአንዱን ግድግዳ ወሬ ነው። ስለዚህ ማስተያየት ያለብሽ ከዚያው ግድግዳ ነጥብ ጋር ነው፣ ከጠቅላላው ድምር ጋር ካስተያየሽው ሳይገጥም ሲቀር ያለ ጥፋቱ ሞዴሉን ትወቅሺዋለሽ።

እንግዲህ መጀመሪያ አንድ ነገር ሥሪና ውጤቱን ላኪልኝ። ሥጋም መቅኒም የሌለው ነጻ ሰሌዳ፣ 4 ሚሊ ሜትር፣ 200 ኪሎኸርትዝ፣ ከላይና ከታች እኩል የተገፋ። አንዴ ክፍተቱን በሙሉ በጠንካራ ካለስ ሙዪው። አንዴ ላይኛውን ግማሽ በጠንካራ፣ ታችኛውን በለስላሳ። ከስብራቱ ወዲያ 50 ሚሊ ሜትር በሚረዝም ረድፍ ተቀባዮችን በየ1 ሚሊ ሜትሩ ደርድሪ፣ ከላይም ከታችም። የላይና የታቹን ቀጥ ያለ እንቅስቃሴ ስትደምሪው ኤ-ዜሮ ብቻ ይቀራል፣ ስትቀንሺው ኤስ-ዜሮ። በመጀመሪያው ጉዳይ ድምሩ ዜሮ ካልሆነ ሜሽሽ ላይና ታች እኩል አይደለም ማለት ነው፣ እሱን አስተካክዪ። በሁለተኛው ጉዳይ ድምሩ ላይ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ረዘም ያለ ጉብታ ታያለሽ። ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አድርገሽ ላኪያቸው፣ ከዚያ ሥጋውን አብረን እንጨምርበታለን።